ለወንድም ጋሼ፦ ስለ ባለ አምስት ሲሊንደሯ ጎልፍ

ፍራንክፈርት፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እማዬስ እንዴት ናት? እትዬና ልጆቹስ? እኔ ከናንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ቤተሰቡን ሊጠይቅ የሚመጣ የሥራ ባልደረባዬ ነው። በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ግን መስመሩ ይቆራረጣል፤ አንተም ጋራዥ ሆነህ በአንድ ጆሮ ነው የምትሰማኝ። ይህ ጉዳይ ደግሞ ተረጋግተህ እንድታስብበት የምፈልገው ነው።

መኪና ልገዛ ነው። የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ከከተማው ወጣ ያለ መሆኑን ታውቃለህ። የጠዋት ፈረቃ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይጀምራል። እሑድ በዚያ ሰዓት አውቶቡስ የለም። እስካሁን አንዷ ባልደረባዬ እየጫነችኝ ነበር፤ አሁን ሥራ ልትቀይር ነው። ክረምቱም እየመጣ ነው።

ያገኘኋት ጎልፍ ናት። አራተኛው ትውልድ፣ በፈረንጆቹ 1999 የተሠራች፣ ባለ አምስት በር ሃችባክ። ከውጭ ስታያት እዚህ መንገዱን ከሞሉት አሮጌ ጎልፎች አትለይም። ኮፈኑ ሲከፈት ነው ነገሩ የሚለየው። ሞተሯ አምስት ሲሊንደር ነው፤ ያውም ቪ።

አምስት ሲሊንደር ላንተ አዲስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የመርሴዲስ 300 ዲ ናፍጣ አምስት ነበር። ላንድክሩዘር ላይ ያለው ፒዜድ ሞተርም አምስት ነው። እነሱ ግን ሲሊንደሮቻቸው በአንድ መስመር የተደረደሩ ናቸው። በዚህኛው ሦስቱ በአንድ ረድፍ፣ ሁለቱ በሌላ ረድፍ ናቸው። በረድፎቹ መሀል ያለው ማዕዘን ደግሞ 15 ዲግሪ ብቻ ነው። አንተ የምታውቀው ቪ ሞተር 60 ወይም 90 ዲግሪ ተከፍቶ ሁለት ቴስታታ፣ ማለትም የሲሊንደር ክዳን፣ ይጫንበታል። ይህኛው በጣም ጠባብ ስለሆነ በአንድ ቴስታታና በአንድ ጓርኒሲዮን ይዘጋል።

አመጣጡም እንዲህ ነው። ቮልስዋገን በፈረንጆቹ 1991 ቪአር6 የሚባለውን ባለ ስድስት ሲሊንደር በፓሳትና በኮራዶ ላይ አወጣ። ዓላማው ትልቅ ሞተር አጭር ኮፈን ሥር በአግድም ማስገባት ነበር። በ1997 ከስድስቱ አንዱን ቀንሰው አምስት አደረጉት፤ መጀመሪያ ፓሳት ላይ፣ ቀጥሎም ጎልፍ ላይ ገባ። 2.3 ሊትር ነው። መጀመሪያ የወጣው 150 ፈረስ ጉልበት ነበረው። ከ2000 ጀምሮ በየሲሊንደሩ አራት ቫልቭ ሆኖ 170 ደረሰ። እኔ ያየሁት የመጀመሪያው ነው፣ በየሲሊንደሩ ሁለት ቫልቭ ያለው። የዚያው ዘመን ተራ ጎልፍ 1.4 ሞተር ይዞ 75 ፈረስ እንደነበረ ስታስብ ልዩነቱ ይገባሃል።

ነዳኋት። ወንድም ጋሼ፣ ደስ ትላለች። ማርሽ ሳትቀንስ ከታች ጀምራ ትጎትታለች። ድምፁ የአራት ሲሊንደር ጩኸት አይደለም፤ የስድስትም ልስላሴ አይደለም። ወፈር ያለ፣ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ፣ ለጆሮ የሚጥም ድምፅ ነው። አንተ ብትሰማው ወዲያው ኮፈኑን ክፈቺልኝ ትል ነበር።

ባለቤቱ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። አሁን ዓይናቸው ስለደከመ መንዳት ትተዋል። መኪናዋ 187,000 ኪሎሜትር ሄዳለች። የጠየቁት 1,800 ዩሮ ነው። የእያንዳንዱ ዘይት ቅያሪ ደረሰኝ በአንድ ፋይል ውስጥ በቅደም ተከተል ተቀምጧል። ፋይሉን ከፊት እስከ ኋላ አገላብጬዋለሁ። የውሃ ፖምፓው ተቀይሯል። ከቴስታታው ጋር የሚያያዘው የፕላስቲክ የቴርሞስታት ቤትም ተቀይሯል። እሱ በዚህ ሞተር ላይ እየተሰነጠቀ ውሃ የሚያፈስ ዕቃ ነው፤ ስለዚህ ደስ ብሎኛል። ቦቢናውም አዲስ ነው። ቫልቮቹን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያስተባብረው ሰንሰለት፣ የካቴናው፣ ደረሰኝ ግን የለም።

ዋናው ጉዳይ ይኸው ካቴናው ነው። ይህ ሞተር ለዚህ ሥራ የጎማ ቺንጋ የለውም፣ በካቴና ነው የሚሠራው። ካቴና ይሻላል ትለኝ ነበር፤ እውነትህን ነው። ችግሩ ያለበት ቦታ ነው። አንተ የለመድከው ካቴና ከፊት፣ ከፑሌው በኩል ነው። የዚህኛው በተቃራኒው፣ ከካምቢዮው በኩል ነው ያለው። ሁለት ካቴና አለው፤ የሚመሩትና የሚወጥሩት ፕላስቲኮች ደግሞ በዘመን ብዛት ይደርቃሉ፣ ይሰበራሉ። እነሱን ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ አለበት። ዕቃው ራሱ እንደዚያ ውድ አይደለም። የሚያስከፍለው ጉልበቱ ነው። አንድ ጋራዥ ጠይቄ 1,500 ዩሮ አሉኝ። ሥራው የመኪናዋን ዋጋ ሊያክል ምንም አልቀረውም።

ስለዚህ ሽማግሌውን ከመምጣቴ በፊት ሞተሩን እንዳያሞቁት ለመንኳቸው። ስደርስ እጄን ኮፈኑ ላይ አደረግሁ፤ ቀዝቃዛ ነው። እሳቸው ሲያስነሱት እኔ በግራ በኩል፣ ካምቢዮው ጋ ጎንበስ ብዬ አዳመጥኩ። ሲነሳ ለአፍታ ቡና ምጣድ ላይ ሲቆላ እንደሚንኳኳው ያለ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ የዘይቱ ግፊት ሲደርስ ጠፋ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አጥፍቼ ደግሜ አስነሳሁት፤ ያን ጊዜ ምንም የለም። ቅዝቃዜ ላይ የሚሰማው ይህ ነገር ወጣሪው መድከም መጀመሩ ይመስለኛል። ነገ ይበጠሳል ማለት አይደለም። አይበጠስም ብሎ የሚምልልኝ ግን የለም። ከዘለለ ወይም ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይገናኛሉ፤ የዚያን ጊዜ ሞተር የለም ማለት ነው።

የቀረው የሰውነቷ ነገር ጥሩ ነው። የዚህ ዘመን ጎልፍ ቆርቆሮው በዚንክ የተለበጠ ስለሆነ ከብዙዎቹ እኩዮቿ ያነሰ ነው የሚዝገው። የፊት ፓራፋንጎው ግን ውስጡ ስፖንጅ አለ፤ ውሃ ይዞ ከውስጥ ይበላዋል። ጣቴን አስገብቼ ዳሰስኩት። በቀኝ በኩል ቀለሙ አበጥ ብሏል፣ ግራው ንጹሕ ነው። የኋላው በር መስኮትም ወደ ታች ወርዶ ቀርቷል፤ መስታወቱን የሚይዘው ፕላስቲክ ተሰብሮ ነው። የሁሉም ጎልፍ 4 በሽታ ነው፤ ያንን አልቆጥረውም።

ወጪውን አስልቼዋለሁ። እንዲህ ላለ አሮጌ መኪና ግብሩ እዚህ በሞተር ስፋትና በጭሱ ደረጃ ነው፤ ለዚህች በዓመት 162 ዩሮ ይመጣል። ቤንዚኑ ረጅም መንገድ ላይ በመቶ ኪሎሜትር 9 ሊትር ገደማ ነው፤ ከተማ ውስጥ 12ም 13ም ትጠጣለች። የኔ መንገድ ግማሹ ከተማ ነው። በየሁለት ዓመቱ የሚደረገውን የቴክኒክ ምርመራ በቅርቡ አልፋለች፤ ያ ጥሩ ነው። ከፍራንክፈርት የአየር ብክለት ክልልም አትታገድም።

የካቴናው ወጪ ላይ ነው የሚከብደኝ። በየወሩ ለእማዬ መድኃኒት የምልከውን ምንም ነገር እንዲነካው አልፈልግም። ካቴናው በክረምቱ መሀል ቢሄድ ያ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ሌላ መኪና መግዛት እችላለሁ። ያሪስ አለ፤ እናንተ ቪትስ የምትሉት። በዚሁ ዋጋ የሚገኘው ብዙ የተነዳና ደረሰኝ የሌለው ነው፤ ሞተሩ ግን ብዙም አያስቸግርም፣ ቤንዚኑም ግማሽ በሚባል ደረጃ ነው።

አባባ ቮልሱን እንዴት ይወድ እንደነበር አስታውሳለሁ። ሞተሩ ከኋላ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ እንደሌሎቹ መኪናዎች አልነበረም። ግን የትም ሰፈር ብትቆም የሚከፍታት መካኒክ አይጠፋም፤ ዕቃውም ሶማሌ ተራ ይገኝ ነበር። ይህቺ እንደዚያ አይደለችም። እዚህ የተሠራችበት አገር ውስጥ እንኳ አንዳንዱ ጋራዥ ቪ5፣ ማለትም ይህን ባለ አምስት ሲሊንደር ሞተር፣ ስትለው በረጅሙ ይተነፍሳል። ስለዚህ ሞተሩ ልዩ መሆኑ ብቻውን ገንዘቤን እንዲያስወጣኝ አልፈቅድም። ልቤ ግን እሷ ጋ እንዳለ አልደብቅህም።

ልጅህ በቴሌግራም «አክስቴ፣ ሲበቃሽ ለኛ ላኪልን» ብሎ ጽፎልኛል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ይህ የማይሆን ነገር ነው፤ በደንብ አስረዳልኝ፣ እንዳይከፋው። የምገዛው እዚሁ ለመንዳት ብቻ ነው።

እንዲህ ወስኛለሁ። ለሽማግሌው ያየሁትንና የሰማሁትን በግልጽ እነግራቸዋለሁ። ካቴናው መቀየሩን የሚያሳይ ወረቀት ካገኙ በጠየቁት ዋጋ እገዛለሁ። ካልተገኘ 900 ዩሮ እሰጣቸዋለሁ፤ ከዚያ በላይ አልጨምርም። በ900 ከገዛኋት ክረምቱ ሳይገባ ካቴናውን አስቀይራለሁ፣ ሳላስቀይር አልነዳትም። እምቢ ካሉ ያሪስ ፍለጋ እሄዳለሁ፤ አልቀየማቸውም፣ መኪናቸውን በደንብ ነው የያዙት።

ካንተ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። የቀዝቃዛውን አነሳስ ድምፅ በስልኬ ቀድቼ በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። ጋራዡ ጸጥ ሲል በጆሮ ማዳመጫ ስማው። ካቴናው ነው ወይስ የቫልቭ ታፔት? እኔ ካቴና ነው ብያለሁ፤ ግን ያንተን ጆሮ ነው የማምነው። ሁለተኛ፣ ካምቢዮው ከወረደ አይቀር አብሮ ምን ይቀየር? ፍሪሲዮኑን አስቤያለሁ። ከክራንክሻፍቱ ጀርባ ያለውን የዘይት ጎማም እንዲቀይሩት ልላቸው ነው። ሌላ የረሳሁት ካለ ንገረኝ፣ አንድ ጊዜ ከፍለን እንገላገል።

ለባልደረባዬ የሰጠሁት ትንሿ ካርቶን ያንተ ናት፤ የጠየቅከኝ የቶርክ መፍቻ አለበት። ለእማዬ የደም ግፊት መለኪያውን ልኬያለሁ፤ ባትሪውን ልጆቹ እንዳያወጡት። እትዬን ሰላም በላት፣ እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ሽማግሌውን የፊታችን ቅዳሜ ነው የማገኛቸው፤ ከዚያ በፊት መልስህን በቴሌግራም ላክልኝ።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ