ጡንቻቸውን ሳይሆን ደማቸውን እንጠይቅ

ልጄ በ6 ዓመቱ ከጭኑ ላይ ቁራጭ ጡንቻ ለምርመራ ተወሰደበት። ውጤቱ ዱሼን የሚባለው፣ ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚጨርሰው መስኩላር ዲስትሮፊ ሆነ። ጠባሳው አሁንም አለ። ከዓመታት በኋላ የበሽታውን አካሄድ ለማየት ሌላ ናሙና ይወሰድ ሲባል አንጀቴ አልቻለም። ጡንቻው በየቀኑ እያለቀበት ላለ ልጅ እንዴት ድጋሚ ቢላ ይነሳል? ደም ግን ይተካል።

እኛ ወላጆች ከጥቂት ተመራማሪዎች ጋር የደም ናሙና ማሰባሰብ ጀምረናል። እጃችሁን ዘርጉልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዱሼን የሚበላሸው ዲስትሮፊን የተባለውን ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን ነው። ከሰው ጂኖች ግዙፍ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ፊደላት አሉት። ሴል ግን ያሉትን ጂኖች ሁሉ አያነብም፤ የሚፈልገውን ብቻ አር ኤን ኤ ወደሚባል ቅጂ ይገለብጣል። አር ኤን ኤውን የለካ ሰው ሴሉ በዚያች ሰዓት ምን እየሠራ እንደነበር ያውቃል። ነጭ የደም ሴሎች ደግሞ ወደ ተጎዳው ጡንቻ ገብተው ፍርስራሹን ያጸዳሉ፣ ብግነቱንም ያባብሳሉ። የጡንቻው ወሬ እነሱ ጋ አለ ብለን እናምናለን።

ፊትና ትከሻን በሚያጠቃው ሌላው የመስኩላር ዲስትሮፊ ዓይነት ዲዩኤክስ4 የተባለው ጂን ዝም ማለት ሲገባው ይነቃል። ከሕሙማን ደም በተገኙ ሴሎችም ውስጥ ነቅቶ ታይቷል። ተስፋ የሰጠን አንዱ ይሄ ነው።

ቀላል ነው አልልም። የልጁ ዕድሜ፣ የሚወስደው ስቴሮይድ የተባለ መድኃኒት፣ ያለፈው ሳምንት ጉንፋን እንኳ የደም ሴሎቹን ንባብ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። መድኃኒቱ ያመጣውን ከበሽታው ለመለየት የአንዱን ልጅ ደም ደጋግሞ ማየት፣ ከጤነኛ እኩዮቹም ጋር ማስተያየት የግድ ነው። ጥቂት ናሙና የትም አያደርስም።

አር ኤን ኤ ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ደሙ እንደተቀዳ የሚያቆየው ልዩ ቱቦ ያስፈልጋል። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚይዝ ፍሪዘርም ያስፈልጋል። ትልቁን ገንዘብ የሚበላው ግን ሲኩዌንሲንጉ፣ ማለትም አር ኤን ኤውን ፊደል በፊደል ማንበቡ ነው። ደሙ የሚቀዳው ልጆቹ ለክትትል በሚሄዱበት ቀን፣ ለሌላ ምርመራ ከሚወሰደው ጋር ነው፤ ተጨማሪ መርፌ የለም። ውጤቱ ስማቸው ተነስቶ ለተመራማሪዎች ሁሉ ክፍት ይሆናል።

ያላችሁን ስጡን። በየወሩ የምትመጣ ትንሽ ገንዘብ፣ አንድ ጊዜ መጥቶ ከሚቀር ብዙ ገንዘብ ይልቅ ትጠቅመናለች፤ ሥራው ዓመታት የሚፈጅ ነውና። ጤነኛ ልጆች ያሏችሁም ለማስተያያ የሚሆን ደም ልትለግሱ ትችላላችሁ። በሽታው ቤታችሁ የገባ ደግሞ ስለ ገንዘቡ አትጨነቁ። መጀመሪያ ልጃችሁን አስመዝግቡ።