ቁልፉን ቀደም ብላችሁ ስጧቸው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ክቡር አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ሰሞኑን የሰፈራችን ልጆች እዚህ ደሴ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን ሲጫወቱ ሁለቱንም ምሽት ተገኝቼ አይቻለሁ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ ሩሲያ ተምረው ከተመለሱ በኋላ የጻፉት ተውኔት ነው። የአማርኛ ትያትር በእሱ ጀመረ ይባላል፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ልጆቹ በየመሃሉ ዘፈን ጨምረው ሙዚቃዊ ኮሜዲ አድርገውታል። እኔም በደርግ ጊዜ በቀበሌ ኪነት ከበሮ የመታሁ ሰው ነኝና ያየሁትን ሳልጽፍ ማደር አልሆነልኝም።

የመጀመሪያው ምሽት በአንድ ግቢ ውስጥ ነበር፤ ሸራ ተወጥሮ፣ ወንበር ከየቤቱ ተለቅሞ። አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ከበሮና ሁለት ክራር ይዘዋል። ክራሩ ሁለት የሆነበትን ምክንያት ጠየቅኳቸው። አንዱ በአምባሰል፣ ሌላው በባቲ ተቃኝቶ ይጠብቃል፤ በአንድ ክራር ቢሆን ክሩ ሲጠብቅና ሲላላ ሰዉ ይቀዘቅዛል። ይህን ያስተማራቸው የለም፣ ሲለማመዱ የደረሱበት ነው። ባቲም አምባሰልም የወሎ አገር ስሞች ናቸውና ያ የጥንት ተውኔት የእኛው ሆኖ ተሰማኝ። ባለማሲንቆው ደግሞ ዓይኑን ከተመልካቹ አይነቅልም፤ ሳቁ ጋብ ሲል ነው የሚገባው። አንዲት እናት ሳቃቸውን መግታት ቢያቅታቸው እሳቸውንም ጠበቃቸው።

ሁለተኛው ምሽት በአዳራሽ ነበር። ቁልፉ የተሰጣቸው ሊጀምሩ አንድ ሰዓት ሲቀራቸው ነው። የድምፅ ማጉያውን ለመሞከር፣ መሣሪያዎቹ የት እንደሚቀመጡ ለማየት እንኳ ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ በስልክ የቀዱትን ዘፈን ለቀቁ። ቅጂ ደግሞ ሰው አይጠብቅም። ሕዝቡ ገና እየሳቀ ዘፈኑ ገባ፣ ግጥሙ በሳቁ ተዋጠ፣ ከግጥሙ የሚነሳው ቀልድም መና ቀረ። ከመጋረጃው ጀርባ ስሄድ ዘፋኟ ልጅ ታለቅሳለች። «ጋሼ፣ እኛ እኮ እንችል ነበር» አለችኝ። መቻላቸውንማ ያየሁት እኔ ነኝ።

አዳራሽ የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ ይህን ብታነቡ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ስብሰባም ሠርግም በሌለበት ቀን፣ ከትርኢቱ በፊት ለሁለት ቀናት ከሰዓት በኋላ ለልምምድ ክፈቱላቸው። የትርኢቱን ቀን ኪራይ ከመግቢያው ይከፍላሉ፣ ያን ይቅርባችሁ አላልኩም። የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን በወጣባት ከተማ ይህ ብዙ መጠየቅ አይመስለኝም።

ልጆቹ እንደገና ሊያሳዩት አስበዋል። ዋስ ካስፈለገ እኔ አለሁ። ቁልፉን ፈርሜ እወስዳለሁ፣ ማታ አዳራሹን አስጠርጌ ራሴ እመልሳለሁ።

አክባሪዎ
ከሆጤ፣ ደሴ