የታሪክ ክበብ፦ ከአዳምስ ቤተሰብ ወረቀቶች ጋር የከረምንበት ዓመት

የታሪክ ክበብ ዘንድሮም እንደ ወትሮው የዓድዋን የግድግዳ ጋዜጣ አዘጋጅቷል፤ በሰልፍ ሰዓትም «ዛሬ በታሪክ»ን በሚኒ ሚዲያ አሰምቷል። ስለዚያ ያየ አይቷል፣ የሰማም ሰምቷልና ብዙ አልልም። ይህ ዘገባ ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ በኮምፒውተር ክፍሉ ተሰብስበን ስንሠራው ስለከረምነው ነገር ነው።

የሠራነው በአንድ የአሜሪካ ቤተሰብ ወረቀት ላይ ነው። በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ኩዊንሲ በምትባል ከተማ የኖሩት አዳምሶች ደብዳቤያቸውን፣ የዕለት ማስታወሻቸውንና ሌላውን ወረቀታቸውን ከአያት ወደ ልጅ ልጅ እያሻገሩ ከሩብ ሚሊዮን ገጽ በላይ አቆይተዋል። «የፈረንጅ ባለሥልጣን ደብዳቤ ለእኛ ልጆች ምን ይሠራላቸዋል?» ያሉኝ ወላጆች ነበሩ። ልጆቻችን ታሪክን የሚያውቁት በመማሪያ መጽሐፍ ተጠቃሎ ነው። መጽሐፉ ከምን እንደሚሠራ፣ ጸሐፊው ምን አንብቦ ምን እንደተወ ግን ዓይተው አያውቁም። ከዚህ ቤተሰብ ወረቀት ብዙው ደግሞ በኢንተርኔት በነፃ ይነበባል፤ ዋናው የእጅ ጽሑፍ በፎቶ፣ ከጎኑም በታይፕ ተገልብጦ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላገኘሁም።

ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። የቤተሰቡ አባት ጆን አዳምስ ሁለተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነበር፤ ልጁ ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ደግሞ ከ1825 እስከ 1829 ስድስተኛው። የልጅ ልጁ ቻርልስ ፍራንሲስ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን በለንደን የአገሩ መልእክተኛ ሆኖ ሠርቷል፤ በመርከብ ኢንሹራንስ የበለፀገ የቦስተን ሀብታም ልጅ አግብቶም የቤተሰቡን ገንዘብ ያደላደለው እሱ ነው። የእሱ ልጅ፣ ሁለተኛው ቻርልስ ፍራንሲስ፣ ከ1884 እስከ 1890 የዩኒየን ፓሲፊክ የባቡር ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በመጨረሻ ጄይ ጉልድ የተባለው ባለሀብት ከወንበሩ አስነሣው። ይኸው ሰው ስለ ራሱ በጻፈው መጽሐፍ ላይ በገንዘብ «ተሳካላቸው» የተባሉትን ሰዎች በቅርብ እንዳወቃቸውና እንደነሱ አሰልቺ ሰው እንዳላየ ይናገራል። ነጋዴ የመሆን ሐሳብ ያላቸው የክበቡ አባላት ይህን አልወደዱለትም። እኔም ብሆን ከሥልጣን የተነሣ ሰው ስላስነሡት ሰዎች የሚጽፈውን በጥንቃቄ አንብቡ ብያቸዋለሁ።

የጀመርነው በ1776 ደብዳቤዎች ነው። ጆን አዳምስ ፊላደልፊያ በጉባኤ ላይ ሳለ ሚስቱ አቢጌል ከእርሻቸው ትጽፍለታለች፤ ደግሞም ደብዳቤዎቿን እንዲያቃጥላቸው ትለምነዋለች። ሚያዝያ 28 ቀን የጻፈላት መልስ «ደብዳቤዎችሽን አቃጥላቸው ትይኛለሽ፤ መጀመሪያ ግን አንቺን መርሳት አለብኝ» የሚል ነው። በሰኔ ደግሞ ትልቅ ደብተር መግዛቱን፣ ከዚያ በኋላ ለእሷ የሚጽፈውን ሁሉ ቅጂ በዚያ ላይ እንደሚያስቀር ነገራት። እሷም እንዲሁ ታድርግ፤ ልጆቹ ይገልብጡላት፣ ጽሕፈታቸውም ይስተካከላል አላት። ሩብ ሚሊዮኑ ገጽ መነሻው እንዲህ ያለ የቤት ውስጥ ትእዛዝ ነው። የአሥረኛ ክፍል አንዲት አባል «እሷ አቃጥል ያለችውን እኛ ማንበባችን ልክ ነው ወይ?» ብላ ጠየቀች፤ የዚያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራንም። ከፊሎቹ «ሞታለች፣ አይጎዳትም» አሉ፤ ከፊሎቹ የእናታቸው ስልክ ቢነበብ ምን እንደሚሰማቸው አነሡ። ስምምነት ላይ አልደረስንም፤ እንድንደርስም አልገፋሁም።

ከዚያ ወደ ጆን ኩዊንሲ ማስታወሻ ገባን፤ ዓመቱንም በአብዛኛው የበላው እሱ ነው። በኅዳር 1779፣ ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከአባቱ ጋር በመርከብ ወደ አውሮፓ ሲሄድ ጀምሮ በ1848 እስኪሞት ድረስ ጽፏል። 51 ቅጽ ነው። ለአንዱ ቀን አንዳንዴ ሁለት ማስታወሻ አለው፤ አንዱ በአንድ መስመር ያለቀ፣ ሌላው ገጽ በገጽ። ልጆቹ መጀመሪያ የፈለጉት ታላላቅ ነገሮችን ነበር። የአየር ጠባይ፣ የእንግዶች ስም፣ የጸሎት ቤት ስብከት፣ በፖቶማክ ወንዝ የዋና ልምምድ ሲደጋገምባቸው ተሰላቹ። እኔ ግን ሆን ብዬ ተራ ተራውን ቀን አስነበብኳቸው። ማስታወሻ ጸሐፊን ለማመን ምንም ባልተፈጠረ ቀን ምን እንደሚጽፍ ማየት ያስፈልጋል።

የገንዘብ ጉዳዩም አለ። በ1823 ዋሽንግተን ውስጥ በሮክ ክሪክ ወንዝ ዳር ከሚስቱ ዘመድ አንድ የዱቄት ወፍጮ ገዛ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር፤ ወፍጮው ለእርጅናው ገቢ ይሆነኛል ብሎ ነው። ኪሳራ ብቻ አተረፈበት። አባቱ መርካቶ የሚሠራ አንድ አባላችን ይህን ሲያነብ «ዘመድ የሚሸጥልህን ወፍጮ መጀመሪያ ሒሳቡን ማየት ነው» አለ። ስለ ፕሬዚዳንቱ ከተሰጠው አስተያየት ሁሉ ፍሬ ያለው ይኸ ይመስለኛል።

ብዙ የቆየነው ግን 1841 ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከዛሬዋ ሴራሊዮን አካባቢ ተይዘው ሃቫና ላይ የተሸጡ አፍሪካውያን አሚስታድ በምትባል መርከብ ሲጓጓዙ ተነሥተው መርከቧን ያዙ። ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ ግን አሜሪካ የባሕር ዳርቻ ላይ ተያዙ። ጉዳያቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ጆን ኩዊንሲ የ73 ዓመት ሽማግሌ ነው፤ ፕሬዚዳንትነቱን ጨርሶ የምክር ቤት አባል ሆኗል። የካቲት 24 እና መጋቢት 1 ተከራከረላቸው፤ መጋቢት 9 ነፃ ወጡ። በዚያው ወር በ29ኛው ቀን በማስታወሻው የጻፈውን በሰሌዳ ላይ ገለበጥነው፦ ሰባ አራተኛ ዓመቴ አፋፍ ላይ ቆሜ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይኔ እየፈዘዘ፣ ጥርሴ ከአፌ እንደሚረግፍ ሁሉ ጉልበቴም አንድ በአንድ እየከዳኝ፣ የባሪያ ንግድን ለማስቆም ምን ማድረግ እችላለሁ? ይላል። ደግሞም ኅሊናዬ ወደፊት ይገፋኛል ብሎ ይቀጥላል።

ከዚህ ጎን ያኖርነው ወረቀት ከሽማግሌውም በላይ ልጆቹን ያዛቸው። ከታሳሪዎቹ መካከል ካሌ የሚባል፣ ሜንዴ ከተባለው ሕዝብ የሆነ የ11 ዓመት ገደማ ልጅ ነበረ፤ እስር ላይ ሆኖ ከዬል ኮሌጅ ተማሪዎች እንግሊዝኛ ተማረና በጥር 1841 ለጆን ኩዊንሲ ደብዳቤ ጻፈ። «ውድ ወዳጄ ሚስተር አዳምስ፣ የምጽፍልዎ የሜንዴን ሰዎች ስለሚወዱና ለታላቁ ፍርድ ቤት ስለሚናገሩልን ነው» ብሎ ይጀምራል። ፍርድ ቤቱ የሜንዴን ሰዎች ማን አሜሪካ አመጣቸው ብሎ ቢጠይቅ፣ ራሳችን መጣን፣ መሪውን የያዘውም የእኛው ሰው ነበር፤ የምንፈልገው ነፃ እንዲለቁን ብቻ ነው ይላል። ሰዋስው ይጎድለዋል፣ ግን ግልጽ ነው። እንግሊዝኛ የሚያፍሩበት አባላት ሁለቴ ሦስቴ ጮክ ብለው አነበቡት። እኔ ደግሞ ያነሣሁት ሌላ ጥያቄ ነበር፦ ከአዳምሶች ሩብ ሚሊዮን ገጽ ሲቀር ከካሌ የቀረው ለምን እንዲህ ጥቂት ሆነ?

መልሱን ለማግኘት ወረቀቱ እንዴት እንደቆየ መከታተል ነበረብን። ጆን ኩዊንሲ በኑዛዜው መጻሕፍቱና ወረቀቶቹ እሳት በማይደፍረው ቤት እንዲቀመጡ አሳሰበ። ልጁ ቻርልስ ፍራንሲስ የአባቱን ማስታወሻ እየመረጠ በ12 ቅጽ አሳተመ፤ በ1870 ደግሞ ከእንጨት ከተሠራው የኩዊንሲ ቤት አጠገብ፣ ተነጥሎ የቆመ የድንጋይ ቤተ መጻሕፍት አሠራ። ዛሬም ከ12 ሺህ በላይ መጻሕፍት ይዞ ይጎበኛል። ወረቀቱ በ1902 ቦስተን ወዳለው የማሳቹሴትስ ታሪክ ማኅበር ተዛወረ፤ በ1905 ቤተሰቡ እንዳይበታተን ለ50 ዓመት በአደራ ሥር አደረገው፤ በ1956 ለማኅበሩ በስጦታ ተሰጠ። በ608 ጥቅል ማይክሮፊልም ተነሥቶ ለተለያዩ ቤተ መጻሕፍት ተሠራጨ፤ ከ1961 ጀምሮም በመጽሐፍ እየታተመ እስካሁን አላለቀም። በየደረጃው ገንዘብ፣ ቤትና የሚያውቅ ዘመድ አለ። ወረቀቱ ወደ ማኅበሩ ሲገባ እንኳ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ያው የባቡሩ ቻርልስ ፍራንሲስ ነበር። ካሌ ከዚህ አንዱም አልነበረውም።

የቤተሰቡ ሰዎችም ቢሆኑ ሁሉን አላስቀሩም። የባቡሩ ሰው ወንድም፣ ታሪክ ጸሐፊው ሄንሪ፣ የገዛ ማስታወሻዎቹን አጥፍቷል። የጆን ኩዊንሲ ሚስት ሉዊዛ ካትሪን ደግሞ በ1815 ክረምት የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ ከሴንት ፒተርስበርግ እስከ ፓሪስ 40 ቀን ያህል በሠረገላ ተጉዛለች። ፓሪስ አቅራቢያ የናፖሊዮን ወታደሮች ሠረገላዋን የሩስያ መሆኑን አይተው ሲከቧት «ናፖሊዮን ለዘላለም ይኑር» ብላ በፈረንሳይኛ ጮኻ አመለጠች። የጻፈችው ግን በ1836 ነው። ከ21 ዓመት በኋላ የተጻፈ ትዝታ ከዕለት ማስታወሻ እኩል ይታመናል ወይ በሚለው ላይ ክርክር አዘጋጅተን ነበር፤ አሸናፊው ቡድን «ቀኑን ልትሳሳት ትችላለች፣ ፍርሃቱን ግን አትሳሳትም» ያለው ነው። ዳኞቹ ለቋንቋው ውበት ያደሉ ይመስለኛል።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት እያንዳንዱ አባል በቤቱ ያለውን ወረቀት እንዲዘረዝር አደረግን። ዋናውን ማምጣት ክልክል ነበር፤ የቤት ካርታና የመሬት ወረቀትም በዝርዝሩ እንዳይገባ ከወላጆች ጋር ተስማምተናል። የዕድር ደብተር፣ የቀበሌ የስኳር ካርድ፣ ከጂዳ የተላኩ ደብዳቤዎች፣ ጀርባው ላይ ቀን የተጻፈበት የሠርግ ፎቶ ተመዘገበ። አንድ አያት የ30 ዓመት የዕድር ክፍያ ደረሰኝ በክር አስረው አስቀምጠው ተገኙ፤ የልጅ ልጃቸው በዚያ ብቻ የሰፈሩን የሞት መዝገብ ሊሠራ ሞከረ። ወላጆች ሆይ፣ እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልለምን፦ የቆየ ሰርተፊኬትና ደብዳቤ ላሚኔት አታስደርጉ። ሙቀቱ ወረቀቱን ይጎዳል፣ አንዴ ከተጣበቀም አይላቀቅም። የተቀደደውን በፕላስተር ከመለጠፍ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ በፖስታ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ስፒልና ስቴፕለሩም ዝጎ ሳያበላሸው ይውጣ። የባንክ ማሽን የሚያወጣው ደረሰኝ ጽሑፉ በራሱ ይጠፋልና ፎቶ ኮፒ አድርጉት።

መብራትና ኔትወርክ ሲቋረጥብን አስቀድመን በፍላሽ ያስቀመጥናቸውን ገጾች እያነበብን ነው የከረምነው። በወላጆች ቀን ያቀረብነው ዐውደ ርእይ ቦታ ጠቦት ኮሪደር ላይ ነበር፤ የኮምፒውተር ክፍሉን ያለ ቅሬታ ለለቀቁልን ባልደረባዬ ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

በሚቀጥለው ዓመት የቻርልስ ፍራንሲስን የለንደን ዓመታት እናነባለን። መስከረም 5 ቀን 1863 ለእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ከአሜሪካ ለመገንጠል ለሚዋጉት ደቡቦች በእንግሊዝ የሚሠሩት የጦር መርከቦች ከወጡ «ይህ ጦርነት መሆኑን ለክቡርነትዎ መንገር ትርፍ ነው» ብሎ የጻፈው ደብዳቤ መነሻችን ይሆናል። ሚኒስትሩ መርከቦቹ እንዲያዙ ያዘዘው ግን ከሁለት ቀን በፊት ነበር፤ አዳምስ አላወቀም። ታዲያ ዛቻው ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚለውን ለአዲሶቹ አባላት ትቻለሁ። ምዝገባው በቤተ መጻሕፍቱ ነው፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ማንም ይችላል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አባላት ስለሚሰናበቱን የመዝገብ ያዥነቱ ቦታ ክፍት ነው፤ የእጅ ጽሑፉ የሚነበብ ሰው እንፈልጋለን።