ዳፍንት ሁሉ ከቫይታሚን እጥረት አይመጣም፦ ለደሴ ከተማ ጤና መምሪያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎች፣

ሲመሽ ግድግዳ እየዳሰሰ የሚሄድ ልጅ ጤና ጣቢያ ሲመጣ የቫይታሚን ኤ እንክብል ይሰጠዋል። ተገቢ ነው፤ ዳፍንቱ ከእጥረት የመጣ ከሆነ ቶሎ ይሻለዋል። ጥያቄዬ ስለማይሻለው ልጅ ነው።

ታናሽ ወንድሜ አልተሻለውም። መጀመሪያ እንክብል፣ ቀጥሎም መነጽር ታዘዘለት። ብሌኑን በጠብታ አስፍቶ የዓይኑን ውስጥ የተመለከተ ሐኪም እስክናገኝ ድረስ፣ «ከዘመዶቻችሁ መካከል ማታ ማየት የሚቸገር አለ?» ብሎ የጠየቀን አንድም ሰው አልነበረም። አጎታችን እኮ ዕድሜውን ሙሉ እንዲያ ነበር!

በሽታው ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ ይባላል። በዓለም ላይ ከ4,000 ሰዎች አንዱን ያህል ይይዛል። ሬቲና ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን ነው። በደብዛዛ ብርሃን የሚያዩልን ሕዋሳት ቀድመው ይሞታሉ፤ ከዚያ የዳር እይታ ይጠብባል። ወንድሜ መጽሐፍ ያነባል፤ ፒያሳ ላይ ከጎኑ የሚመጣውን ባጃጅ ግን አያይም። በዚህም የተነሣ «ያስመስላል» ተብሏል። ይህ ቃል ከበሽታው ባልተናነሰ ጎድቶታል።

ጎረቤት እርግማን ይለዋል፤ እናትንም ይወቅሳል። እውነቱ ሌላ ነው። ጉድለታቸው ለዚህ በሽታ ምክንያት የሚሆን ከ80 በላይ ጂኖች፣ ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፉ የዘር መመሪያዎች፣ ይታወቃሉ። ሁለት ጤነኛ ወላጆች ሳያውቁት አንድ ዓይነት የጂን ጉድለት ቢሸከሙ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። በሌላው ዓይነት ደግሞ ከታመመ ወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ እኩሌታ ነው። እናት ሳትታመም ለወንድ ልጇ የምታስተላልፈውም አለ። ማንም ጥፋተኛ አይደለም።

«መድኃኒት የለውም» ብሎ ማሰናበትም ልክ አይደለም። የሞቱትን ሕዋሳት መመለስ ባይቻልም፣ በሽታውን ተከትሎ የሚመጣው የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ የሬቲናው መሃል ሲያብጥም የሚታከምበት መድኃኒት አለ። አርፒኢ65 በተባለው ጂን ጉድለት ለሚመጣው ዓይነት በ2017 አሜሪካ ውስጥ የጂን ሕክምና ጸድቋል። ይህ ለጥቂቶች ብቻ የሚሆን ነው፤ የማን ጂን እንደተጎዳ ካልተመረመረ ደግሞ እነዚያን ጥቂቶች መለየት አይቻልም። በአንጻሩ ስታርጋርት በሚባለው ሌላ የዘር የሬቲና በሽታ የተያዘ ሰው ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ኤ እንዳይወስድ ይመከራል። እንክብልን በግምት መደጋገም አደጋ የሚኖረው ለዚህ ነው።

የምንጠይቀው ብዙ ወጪ አይፈልግም። የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ዳፍንት ሲያጋጥማቸው የቤተሰብ ታሪክ ይጠይቁ፤ በእንክብል ያልተሻለውንም ሳይውል ሳያድር ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወዳለው የዓይን ሕክምና ይላኩ። በሽታው የተገኘበት ሰው ወንድሞችና እህቶችም ይመርመሩ። መምሪያው ከትምህርት ቤቶች ጋር ተነጋግሮ እነዚህ ልጆች ብርሃን ባለበት ፊት ወንበር እንዲቀመጡ፣ እይታቸው ሳይጠፋም ብሬልና በበትር መሄድ እንዲማሩ ያድርግ። የትኛውን ከመጪው የትምህርት ዘመን በፊት መጀመር እንደምትችሉ በይፋ እንድትገልጹልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የደሴ ነዋሪ