ሦስት ጆንያ፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የዘንድሮ ሥራችን የተጀመረው በጥቅምት፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት ነው። ከ6ኛ ክፍሎች ኮሪደር ጫፍ ያለውን የቆሻሻ በርሜል አንስተን ሸራ ላይ ገለበጥነው። ልጆቹ አፍንጫቸውን ያዙ። ጥቂቶቹ ሸሹ። ትንሽ ቆይተው ግን ተመልሰው መጡ፤ ማየት ፈልገዋል።

የሙዝ ልጣጭ፣ የተገመጠ ዳቦ፣ ከምሳ ዕቃ የተራገፈ ፍርፍር፣ ሃይላንድ፣ የብስኩት ላስቲክ፣ ፌስታል። ከሁሉም በታች ደግሞ ግማሹ ያልተጻፈበት ደብተር። አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ በሁለት ጣቷ አነሳችው። ሽሮ ጠጥቷል። “ቲቸር፣ ይሄ እኮ ደህና ነበር” አለችኝ።

ኮሪደሩን የሚያጸዱት እትዬ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ሲያዩን ነበር። “ልጆቼ፣ እኔን የሚያደክመኝ ብዛቱ አይደለም” አሉ። “መደባለቁ ነው። ምግቡን ለብቻ ብታደርጉልኝ ሌላው እኮ ንጹሕ ነው።” ይህችን ንግግር የክበቡ ክፍል ሰሌዳ ጥግ ላይ ጻፍናት። እስከ ሰኔ አላጠፋናትም።

ባለቀለም ባልዲ መግዣ ስላልነበረን ልጆቹ ከየቤታቸው ጆንያ አመጡ። በየኮሪደሩ ሦስት ሦስት ሰቀልን። አንዱ ላይ “የሚበሰብስ”፣ አንዱ ላይ “የሚሸጥ”፣ አንዱ ላይ “የሚጣል” ብለን በማርከር ጻፍን። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበፊቱ የተለዩ አልነበሩም፤ ሁሉም ነገር ሁሉም ጆንያ ውስጥ ይገባል። ለውጥ የመጣው በዕረፍት ሰዓት ከየክፍሉ አንድ አንድ ተረኛ ጆንያው አጠገብ መቆም ሲጀምር ነው። ከትልቅ ሰው ንግግር ይልቅ የክፍል ጓደኛ “እሱ እዚያ አይደለም” ማለቱ ይሠራል። በ5ኛ ክፍል ኮሪደር ግን እስከ መጨረሻው አልተሳካልንም። ጆንያዎቹ በሩ አጠገብ ስለሆኑ የገባ የወጣው ሁሉ ይጥልባቸዋል። ለከርሞ ቦታቸው መቀየር አለበት።

“የሚሸጥ” የሚለው ጆንያ ምን ምን መያዝ እንዳለበት ያስተማረን መጽሐፍ አይደለም። በሰፈራችን የሚዞር ቆራሌው ነው። በኅዳር ወር ጠይቀነው መጣና ጓሮ ከልጆቹ ጋር ተቀመጠ። አንድ ሃይላንድ አንስቶ ጨመቀው፤ ተንኮሻኮሸ። ክዳኑን ፈታና ለብቻ አስቀመጠው። “ይሄና ይሄ አንድ ዓይነት ላስቲክ አይደለም፤ አብረው አይቀልጡም” አለ። ልክ ነው። ጠርሙሱና ክዳኑ ከተለያየ ፕላስቲክ ነው የሚሠሩት። የረጠበ ወረቀት እንደማይወስድ፣ ዘይት የነካው ካርቶን ዋጋ እንደሌለው፣ ቆርቆሮና ብረታ ብረት መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ ምድጃና ማንደጃ ሆኖ እንደሚወጣ ነገራቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ልጆቹ “ቆራሌው” የሚል ድምፅ ሲሰሙ እንደ ባልደረባ ነው የሚያዩት። እኔም ደስ ይለኛል። የዚህን ከተማ ወረቀት፣ ጠርሙስና ብረት ከመጣል የሚያተርፉት በአብዛኛው እንደ እሱ ያሉ ሰዎች ናቸውና።

ከሽያጩ ያገኘነው ገንዘብ ብዙ አይደለም። ሁለት አካፋ፣ አንድ መንሽና የእጅ ጓንት ገዛንበት።

አሁን ወደ ብስባሹ ልምጣ። ከሁሉም በላይ የለፋንበት እሱ ነው፤ ያሳፈረንም እሱ ነው።

ከቤታችንም ሆነ ከትምህርት ቤት የሚወጣው ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው። የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የእንቁላል ቅርፊት። ይህን ወደ አፈር ከመለስን የሚጣለው ነገር ወዲያው ያንሳል። ይህን አምነን ከአጥሩ ሥር ጉድጓድ ቆፈርንና የካፍቴሪያውን ትርፍራፊ በየቀኑ እናፈስበት ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ሽታው ክፍል ድረስ ገባ። ዝንብ ወረረን። ከአጥሩ ማዶ ያሉ እናት መጥተው “ምነው መምህር፣ ልጅ አለን እኮ” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። እርጥቡን በእርጥብ ላይ ስንከምር ዝም ብዬ አይቻለሁ።

መላውን ያሳዩን የበር ጥበቃችን ናቸው። ገጠር አድገዋል። ወደ ጉድጓዱ አጎንብሰው አዩና “ይሄ አየር አጥቷል፤ አፈር አልብሱት፣ ደረቅ ነገር ስጡት” አሉን። ሁሉንም አወጣነው። በመሬቱ ላይ እንደገና ከመርነው፦ ከታች ቆረጥ ቆረጥ ያለ ጭራሮ፣ ቀጥሎ ደረቅ ቅጠልና ገለባ፣ ከዚያ የወጥ ቤት ልጣጭ፣ ከዚያ ስስ አፈር፣ እንደገና ደረቅ። ልጣጩ አንድ ባልዲ ከሆነ ደረቁ ሁለት ሦስት ባልዲ ይሆናል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የሚያበሰብሱት ረቂቅ ሕዋሳት እንደ እኛ ይተነፍሳሉ። አየር ካጡ ቦታውን የሚይዙት ያለ አየር የሚኖሩት ናቸው፤ ያን ጊዜ ነው የሚሸተው። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት ግን አናስገባም፤ ውሻና አይጥ ይጠራሉ። የባሕር ዛፍ ቅጠልም ቶሎ ስለማይበሰብስ እንተወዋለን።

በክምሩ መሐል አንድ ረጅም ዱላ ሰካን። ይህ ዱላ የክበቡ ቴርሞሜትር ሆነ። ተረኛው ልጅ ይነቅለዋል፣ ጫፉን በመዳፉ ይይዛል። ሞቅ ብሎ ረጠብ ካለ ደህና ነው። ከደረቀ ውሃ ይጠጣል። ከቀዘቀዘና ከሸተተ መገልበጥ አለበት። አንድ ጠዋት በታኅሣሥ ብርድ የ6ኛ ክፍል ልጅ ዱላውን ነቅሎ “ቲቸር፣ ያቃጥላል!” እያለ በግቢው ሲሮጥ ትዝ ይለኛል። እሳት የለም፣ ፀሐይ ገና አልወጣችም፤ ዱላው ግን ትኩስ ነው። ያን ዕለት ስለ ረቂቅ ሕዋሳት ያስተማርኩትን ያህል በሰሌዳ አስተምሬ አላውቅም።

በየሁለት ሦስት ሳምንቱ በመንሽ እየገለበጥን ቆየን። በመጋቢት መጨረሻ ጥቁር፣ ፍርፍር ያለ፣ ዝናብ የነካው አፈር የሚሸት ነገር ሆነ። ቆስጣና ሰላጣ ዘራንበት። ከአጥር ማዶ ላሉት እናት አንድ ባልዲ ብስባሽ ወሰድንላቸው። አሁን ልጣጫቸውን ለብቻ አድርገው በልጃቸው ይልኩልናል።

በመጋቢት አንድ ማክሰኞ ሥራ አልሠራንም። ቀኑ መጋቢት 2 ነበር። በ2009 ዓ.ም. በዚያው ቀን፣ ቅዳሜ ማታ፣ ቆሼ ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። አዲስ አበባ ከ50 ዓመት በላይ የጣለችው ቆሻሻ ነው ተደርምሶ ቤታቸው ውስጥ የቀበራቸው። ትምህርት ቤታችን ከዚያ ብዙም አይርቅም። አንዳንዶቹ ልጆች ያን ጊዜ ሕፃናት ነበሩ፤ ወላጆቻቸው የነገሯቸውን ተናገሩ። አንዷ “እናቴ ያን ሌሊት ሲያለቅሱ የሰማችውን እስካሁን ታነሳዋለች” ብላ ዝም አለች። እኛም ዝም አልን።

በማግስቱ ግን አንድ ልጅ ጥያቄ አመጣ። “እዚያ ያለው ቆሻሻ ለምን እንደ እኛ ክምር አይገለበጥም?” ጥሩ ጥያቄ ነው። ተራራ አይገለበጥም፤ አየር ማስገባት ግን ይቻላል። ከአደጋው በኋላ ቆሼ ላይ የተሠራበት የፉኩኦካ ዘዴ የሚባለው ይህንኑ ነው የሚያደርገው። ቀዳዳ ያላቸው ቱቦዎች በድንጋይ ተከበው ይቀበራሉ። የቆሻሻው ፍሳሽ በእነሱ ይወጣል፣ አየር በእነሱ ይገባል። ሚቴን የተባለው ጋዝ ይቀንሳል፤ ቆሻሻውም ይረጋል። ስሙን ያገኘው ከጃፓን ከተማ ነው። ልጆቹ “የእኛ ዱላ!” አሉ፤ ዱላው ሲነቀል የሚተወው ቀዳዳም አየር ያስገባልና። ከዚያው አጠገብ በነሐሴ 2010 የተመረቀው የረጲ ኃይል ማመንጫ ደግሞ ቆሻሻ እያቃጠለ መብራት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። እርጥብ ነገር ግን አይነድም፤ ሙቀቱን ውሃው ይበላዋል። ልጣጭ ከወረቀት ተለይቶ ቢመጣ እዚያም ይጠቅም ነበር።

የሰፈራችንን ቆሻሻ ከቤት ቤት ከሚሰበስበው ማኅበር አንዲት እናት በሚያዝያ ጋብዘን መጡ። ጓንታቸውን አወለቁና መዳፋቸውን አሳዩን። ከአውራ ጣታቸው ሥር እስከ አንጓቸው የተሰፋ ጠባሳ አለ። ፌስታል ውስጥ የተጣለ ስባሪ ብርጭቆ ነው። “ፌስታሉን ሲያዩት ልጣጭ ይመስላል” አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቹ አንድ ልማድ ይዘው መጡ። ስባሪ ጠርሙስና ምላጭ በካርቶን ይጠቀለላል፣ ላዩ ላይ “ስባሪ” ተብሎ ይጻፋል። አሮጌ የባትሪ ድንጋይም ለብቻው ይቀመጣል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እባካችሁ ወላጆች፣ ይህን አንዱን ብቻ እንኳ ያዙልን።

ሌላም የቤት ጉዳይ አለ። ልጆቹን “እናንተ ቤት ከሰል በምን ይያያዛል?” ብዬ ጠይቄ ነበር። ብዙዎቹ “በፌስታል” አሉ። እውነት ነው፣ ቶሎ ይይዛል። ጭሱ ግን መርዝ ነው፤ የሚተነፍሱት ደግሞ ምድጃው አጠገብ ያሉት እናቶችና ሕፃናት ናቸው። በጭራሮና በደረቅ ወረቀት ማያያዝ ትንሽ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው። አንድ ልጅ ለእናቱ ጭራሮ እያሰረ በየቅዳሜው እንደሚያዘጋጅላት ነገረኝ። ዘንድሮ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ክበባችን ከአሮጌ አንሶላና ጋቢ የገበያ ቦርሳ እየሰፋ ነው። ዘንቢል ያለው ቤት ደግሞ ከተሰቀለበት ያውርደው።

በሁለተኛው ሴሚስተር የአባላት ቁጥር ቀንሶ ነበር። የ8ኛ ክፍል ልጆች ለፈተና ሲዘጋጁ ሥራው በ6ኛና በ7ኛ ክፍሎች ትከሻ ላይ ወደቀ። አልጣሉትም። ስማቸው በክበቡ መዝገብ ላይ አለ።

ሁለተኛው ክምር አሁን ግማሽ ላይ ነው። ዝናቡ ከመጠን በላይ እንዳያረጥበው በሸራ ሸፍነነዋል፤ ዱላው መሐሉ ላይ ቆሟል። የጥበቃችን አባባ በየሳምንቱ ሊያዩት ቃል ገብተዋል። ብቻቸውን ግን መገልበጥ አይችሉም። ክረምቱን ሰፈር የምትቆዩ ተማሪዎች ቅዳሜ ጠዋት ብቅ በሉ። መንሹ ዕቃ ቤት፣ ከበሩ ኋላ ነው።