ቁሌቱን እኔ መጥቼ አቁላላለሁ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኅዳር 2018

እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ? ማሙሽስ አደገ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ድምፅሽን ከሰማሁ ስንት ጊዜ ሆነኝ! እኔ ከሥራ ስገባ አንቺ ለሽፍት ስትወጪ፣ አንቺ ስታርፊ እኔ ስተኛ፣ ክረምቱም መስከረሙም እንዲሁ አለፈ። ባለፈው እሑድ የአክስትሽን ልጅ ቤተ ክርስቲያን አግኝቻት ጥር መጨረሻ ላይ እንደምትወልጂ ስትነግረኝ እዚያው በር ላይ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ማርያም በሽልም ታውጣሽ!

ቀጥላ ደግሞ እናትሽ ቪዛ እንደተከለከሉ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እሳቸው ቢመጡ ኖሮ ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ትኩስ ትኩስ ወጡ ሳትጠይቂ አልጋሽ ድረስ ይመጣልሽ ነበር። አገር ቤት ብትሆኚማ ጎረቤቱ ሁሉ በተራ ይገባ ነበር። እዚያ ሚኒሶታ ግን ባለቤትሽ ጥቂት ቀን አርፎ ሥራ ይገባል፣ ማሙሽ ምሳ ይላል፣ ሕፃኑ ጡት ይላል፤ ምድጃ አጠገብ ሦስት ሰዓት ቆሞ ሽንኩርት የሚያቁላላ ሰው ከየት ይመጣል? ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ ነው የምጽፍልሽ። አሁን አቅም ሳለሽ፣ እኔም መምጣት ስችል፣ የአራስ ቤቱን ወጥ ከወዲሁ ሠርተን ፍሪዘር እንሙላ።

እኔ የመጀመሪያዬን ስወልድ ያየሁትን ልንገርሽ። ባለቤቴ ሌሊት ታክሲ ይነዳ ነበር። እኔ ልጄን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው ደረቅ ዳቦ እበላ ነበር። አንድ ቀን ከሰንበቴ የማውቃቸው እናት በሩን አንኳኩተው ገቡና ከዘንቢላቸው በረዶ የሆኑ ላስቲኮች እያወጡ ፍሪዘሬ ውስጥ ደረደሩ። እያንዳንዱ ላይ በወረቀት ፕላስተር ተጽፎበታል፤ «ምስር፣ የጾም»፣ «ቀይ ወጥ፣ የፍስክ»፣ ከሥሩ ደግሞ «አሙቀሽ ብዪ»። ቡና እንኳን ሳይጠጡ ሄዱ። ያን ቀን ማታ ትኩስ ወጥ በእንጀራ ስበላ እንባዬ ይወርድ ነበር። እስከ ዛሬ ለወለደች ሴት አበባ ይዤ አልሄድም።

ከሁሉ በፊት ቁሌቱ ነው። አንዱን የአሥር ፓውንድ ከረጢት ቀይ ሽንኩርት፣ ማለትም አራት ኪሎ ተኩል ያህሉን፣ በማሽን እንከትፈዋለን፤ እንዳይላም መጠንቀቅ ነው። ያለ ዘይት በራሱ ውሃ ይበስላል። ውሃው መጥጦ ድስቱን መያዝ ሲጀምር ዘይት፣ ቀጥሎ በርበሬ፣ ከዚያ ውሃ ጠብ እያደረጉ ማማሰል ነው፤ ዘይቱ ከላይ እስኪንሳፈፍና የበርበሬው ጥሬ ሽታ እስኪጠፋ ድረስ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ ከመሃል ይገባል። ቅቤ ግን አንነካም! ቁሌቱ በዘይት ብቻ ከሆነ ለጾሙም ለፍስኩም ይሆናል። ሁዳዴ ዘንድሮ የካቲት 9 ይገባል፤ አንቺ አራስ ስለሆንሽ ባትጾሚም ባለቤትሽ 55ቱን ቀን መጾሙ አይቀርም። ከአንዱ ላስቲክ ለእሱ ምስር፣ ከሌላው ለአንቺ ሥጋ ጨምሮ ቀይ ወጥ ይሠራበታል፤ ንጥር ቅቤውና መከለሻው ሊወጣ ሲል ይጨመራል። ቁሌት ካለ ቋንጣ ፍርፍር እንኳን ከሩብ ሰዓት አያልፍም።

ሌላውን በልምድ ለይቼዋለሁ። ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ምንቸት አብሽና ቀይ ወጥ ፍሪዘር ገብተው ሲወጡ ጣዕማቸውን አይለቁም። ድንች ያለበት አልጫ ግን ሲቀልጥ ውሃና ድንቹ ይለያያል፣ ድንቹም ሰፍነግ ይመስላል፤ በረዶው ውስጡን ስለሚሰነጣጥቀው ነው። ዶሮ ወጥ እንሠራለን፣ እንቁላሉን ግን ፍሪዘር አናስገባም፤ ነጩ እንደ ጎማ ይሆናል። በሚበላበት ቀን ባለቤትሽ ቀቅሎ ይጨምርልሽ። ሽሮ ለማንም ቶሎ ስለሚደርስ ቦታ አንፈጅበትም። የገንፎና የአጥሚት ዱቄቱን እኔ አዘጋጅቼ አመጣለሁ።

አሁን የምልሽን ልብ በይ፤ ከእናቶቻችን የለመድነውን የሚነካ ስለሆነ ነው። ወጥ ምድጃ ላይ ማሳደር ይቅር። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ስለሆነ ይህን በየቀኑ በቴርሞሜትር ነው የምከታተለው። በሙቅ ወጥ ውስጥ መፍላት የማይገድላቸው የባክቴሪያ ዘሮች ይኖራሉ፤ ትልቅ ድስት ደግሞ መሃሉ ለሰዓታት ለብ ብሎ ስለሚቆይ ይራቡበታል። ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታችና ከ4 በላይ ያለው ሙቀት ለእነሱ የሚመች ነው። ስለዚህ ወጡ እንደወጣ ጥልቀት በሌላቸው ትሪዎች ዘርግተን፣ ትሪውን በረዶ ውሃ ላይ አስቀምጠን፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ፍሪጅ እናስገባለን። በማግስቱ ሁለት ሁለት ኩባያ እየለካን ዚፕ ባለው ላስቲክ እንከታለን፤ አየሩን አስወጥተን፣ በደንብ ጠፍጥፈን፣ በትሪ ላይ አስተኝተን። ጠፍጣፋ ከሆነ ቶሎ ይረጋል፣ ሲፈለግም ቶሎ ይቀልጣል፤ ከረጋ በኋላ እንደ መጽሐፍ አቁመሽ ትደረድሪዋለሽ። ሁሉንም በአንዴ አናጭቀውም፤ ፍሪዘሩ ይሞቅና በፊት ያለውን ያቀልጥብናል።

ስምና ቀን ሳንጽፍ አንድም ላስቲክ አይገባም። ቀይ የሆነ ነገር ሁሉ በረዶ ሲሆን አንድ ዓይነት ነው፤ ምስሩን ከምንቸት አብሹ መለየት አይቻልም፣ ባለቤትሽም በጾም ቀን እንዲሳሳት አልፈልግም። ፍሪዘርሽ 18 ከዜሮ በታች ከያዘ ምግቡ አይበላሽም፣ ጣዕሙ ግን ሦስት አራት ወር ሳይሞላው ሲበላ ነው። ማታ ወደ ፍሪጅ ማውረድ፣ በማግስቱ የሚበላውን ያህል ብቻ እስኪንተከተክ ማሞቅ፤ በቃ። አንዱን መደርደሪያ ግን ለጡትሽ ወተት ተዪው፤ ሥራ ስትመለሺ ታመሰግኚኛለሽ፤ እሱም ስድስት ወር ድረስ በደህና ይቆያል።

እንጀራውን እዚያው ከምትገዢበት እንገዛለን። ሁለት ሁለቱን በላስቲክ ጠቅልለን ዘርግተን ነው የምናስቀምጠው፤ በረዶ ሆኖ ከታጠፈ ይሰበራል። ሲወጣ ከነላስቲኩ ይቅለጥ፣ አለዚያ ጠርዙ ይደርቃል።

የምመጣው በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ዓርብ ማታ ነው። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ማቁላላት፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ማሸግ። የነቢያት ጾም ላይ ስለሆንኩ ዶሮውንና ቀይ ወጡን መቅመስ አልችልም፤ ጨውና ቅመሙን አንቺ ቁጭ ብለሽ በማንኪያ እየቀመስሽ ትነግሪኛለሽ። ከዚያ ሌላ ሥራሽ ነጭ ሽንኩርት መላጥ ብቻ ነው፣ እሱም ከደከመሽ ተዪው። ማሙሽ ላስቲኮቹ ላይ ሥዕል ይሳልልን።

ለእናትሽም ደውዬ እነግራቸዋለሁ፤ ብቻዋን ነች እያሉ ሲጨነቁ እንዳይከርሙ።

የፍሪዘርሽን ውስጡን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ስንት ላስቲክ እንደሚይዝ ልየው። ጠባብ ከሆነ ትንሽ የቆመ ፍሪዘር እዚያው እንገዛለን፣ ይህ የእኔ የአራስ ጥየቃ ነው። ትልቅ ድስት አለሽ ወይስ ከዚህ ልያዝ? በርበሬና ኮረሪማ አትግዢ፣ እናቴ የላከችልኝ አለኝ። የትኛው ቅዳሜ እንደሚመችሽ እስከ ሐሙስ ንገሪኝ፣ ትኬቱን ልቁረጥ።

እህትሽ