«ስግብግብ» ያላችሁት እኔን ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ስለ ኦንላይን ማጭበርበር ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለቴ አነበብኩት። አንዴ ሱቄ ቁጭ ብዬ፣ ማታ ደግሞ ቤቴ ገብቼ፣ ምናልባት ተናድጄ አዛብቼው ይሆናል ብዬ። አላዛባሁም። የተጭበረበሩትን ሰዎች ስግብግብ ብላችኋቸዋል። ለፖሊስ የማያመለክቱትም በዚሁ አፍረው እንደሆነ ጽፋችኋል።

እኔ ተጭበርብሬያለሁ። ለፖሊስም አመልክቻለሁ። እስኪ ስግብግብነቴን ፈልጉልኝ።

አዳማ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ታናሽ እህቴ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች፣ የምንገናኘው በቴሌግራም ነው። ጥር ላይ ከሷ አካውንት መልእክት መጣልኝ። አብራት የምትሠራ ልጅ እናት አዲስ አበባ ሆስፒታል ገብታለች፣ 18 ሺህ ብር በዚህ የባንክ ቁጥር አስገቢላት፣ ደሞዜን ስቀበል እልክልሻለሁ ይላል። ደወልኩ፣ አልተነሳም። ቀን ስልክ እንደማያስይዟት ስለማውቅ አልጠረጠርኩም። ዕቃ ልገዛበት ያስቀመጥኩትን ብር ላክሁ። ማታ እህቴ ስትደውል ስለ ነገሩ የምታውቀው የለም። ለካ ከሁለት ቀን በፊት ከአንዲት ጓደኛዋ አካውንት «ለልጄ ድምፅ ስጪልኝ» የሚል ሊንክ መጥቶላት፣ ስልክ ቁጥሯንና የገባላትን ኮድ ሞልታ ኖሯል። የጓደኛዋም አካውንት ቀድሞ የተወሰደ ነው። ሌባው የድሮ ወሬያችንን ሁሉ አንብቧል። ሲጽፍልኝ «እታለም» እያለ ነው። እህቴ የምትጠራኝ እንደዚያ ነው።

እዚህ ውስጥ ትርፍ የጠየቀ ማነው? ብርህን በሳምንት እጥፍ እናደርግልሃለን ሲሉት የሚሮጥ ሰው የለም አልልም፣ አለ። እሱም ቢሆን ተዘርፏል። ግን ዘመዷ ታመመ ስትባል ያላትን የምታወጣ ሴት ከሱ ጋር በአንድ ቃል ስትጠቀለል ዝም ማለት አልቻልኩም። ዓረብ አገር እህት ወይም ልጅ ያላቸው ስንት ቤቶች አሉ? አንዱን እንኳን አንኳኩታችሁ ጠየቃችሁ?

ያ ቃል የሚያደርገውን ልንገራችሁ። እኔ አስራ አንድ ቀን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለባለቤቴም ጭምር። ሞኝ፣ ገንዘብ የማታውቅ እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። ባንክ ስሄድ ብሩ የወጣው በማግስቱ ከሰዓት ነው አሉኝ። እኔ መጭበርበሬን ያወቅኩት ግን በላክሁበት ዕለት ማታ ነው። አንድ ሌሊትና ግማሽ ቀን ነበረኝ። ያኔውኑ ብናገር አካውንቱ ይታገድ ነበር ይሆናል። እሱን ሳስብ አሁንም እንቅልፍ ይነሳኛል።

ፖሊስ ጣቢያ የመጀመሪያው ሰውዬ «ራስሽ አይደለሽ እንዴ የላክሽው?» አለኝ። ሁለቴ በወረቀት ጎደለ መለሱኝ። በሦስተኛው አንድ ወጣት ፖሊስ በትዕግሥት ቃሌን ተቀበለኝ፣ የባንኩን ወረቀትና የቴሌግራሙን መልእክት አያይዞ መዘገበልኝ። ብሬ እስካሁን አልተመለሰም። መሄዴ ግን አይቆጨኝም።

ሕጉ እንኳን እንደናንተ አይናገርም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ማንነቱን አሳስቶ ወይም የሰውን የተሳሳተ እምነት ተጠቅሞ የጎዳን ሰው እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ ይቀጣል። የሚጠየቀው ያታለለው ነው። የተታለለው ስግብግብ ነበር ወይ የሚል ጥያቄ እዚያ ውስጥ የለም።

ከዚያ በኋላ እቁባችን ላይ ጉዳዩን አወጣሁት። ሦስት ሴቶች «እኔም» አሉ። አንዳቸውም አላመለከቱም። አንዷ፣ እህል የምትሸጥ እናት፣ በኅዳር 7 ሺህ ብር ልካለች። የላከችበት የባንክ ቁጥር እኔ የላክሁበት ራሱ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር በዚያው ቁጥር ሲሠራበት ኖሯል ማለት ነው። በኅዳር ተመዝግቦ ቢሆን የኔ ብር ላይደርስበት ይችል ነበር። እሷን አልወቅስም፣ እኔም አስራ አንድ ቀን ተደብቄያለሁ። ለአንድ የ7 ሺህ ብር አቤቱታ ማን ይሮጣል ትሉ ይሆናል። በአንድ ቁጥር ላይ አምስት ሰው ሲያመለክት ግን የአንድ ሰው እሮሮ መሆኑ ይቀራል።

ዘገባችሁ ያን ያህል ረዝሞ፣ ሰው የት ይሂድ፣ ምን ይያዝ የሚል አንድ መስመር የለውም። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር 933 የሚባል ነጻ የስልክ መስመር አለው፤ እሱን መጻፍ ምን ከበዳችሁ? መጀመሪያ ባንኩ ጋ ደውሉ፣ መልእክቱን ተናዳችሁ እንዳታጠፉት ብትሉስ? እህል ሻጯ እናት አጥፍታዋለች። አዋጁ አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃውን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል። ኅዳር ላይ ለተጭበረበረች ሴት ቀኑ እየነጎደባት ነው።

ቃሉን አንሱት፣ ቁጥሩንም ጨምሩበት። የምጠይቃችሁ ይኼንኑ ነው።

እህል ሻጯ እናት ዘገባውን ልጇ አንብቦላት «ይኼው ስግብግብ ተባልን፣ አልሄድም» ብላኝ ነበር። ሁለት ቀን ለመንኳት። ሰኞ ጠዋት ሱቄን ዘግቼ ጣቢያ አብሬያት እሄዳለሁ።

አንባቢያችሁ ባለሱቋ
ከአዳማ